ቴምብሩን አስቀርቼ ፖስታውን ጣልኩት

ንፋስ ስልክ ስኖር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ። የሰፈሩን ስም ለታክሲ ረዳቱ፣ ለዘመድ፣ ለወረዳው ጸሐፊ ስንቴ ጠርቼዋለሁ! ቆም ብዬ ትርጉሙን ያሰብኩት ግን ዘንድሮ ነው። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዚህ አካባቢ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ሲተከል፣ ሰዉ ቃል ያለ ሽቦ ሲሄድ አይቶ ተደነቀና «በንፋስ ነው የሚሄደው» ብሎ ስም አወጣለት። ጣቢያው ተረሳ፣ ስሙ ቀረ። ከጎኑ ያለው ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ነው። ክፍለ ከተማችን እንግዲህ የአንድ ዛፍና የአንድ መልእክት ማስተላለፊያ ስም ተጋብተው የተጠሩበት ነው።

ይህን ያነሳሁት ሰፈሬን ለማሞገስ አይደለም። በመልእክት ስም በተጠራ ሰፈር እየኖርኩ፣ ለእኔ የተላከን አንድ መልእክት በአግባቡ ሳላነብ ሃምሳ ዓመት መቆየቴን ዘንድሮ ስላወቅሁ ነው። ታሪክ ያጠናሁ፣ ዕድሜዬንም ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነገሩ የግሌ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሙያዬም ጉዳይ ነው። ለዚህ መጽሔት ብጽፈው ለእናንተም፣ አሁን በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህራንም ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

የቆርቆሮው ሻንጣ

የዳግም መገናኛችን አዘጋጆች የድሮ ፎቶ ያላችሁ አምጡ ሲሉ፣ አልጋ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሻንጣ ጎትቼ አወጣሁት። ፎቶ ጥቂት ነው ያገኘሁት። በብዛት የተገኘው በሲባጎ የታሰረ ደብዳቤና አንድ የቴምብር አልበም ነው።

በእኛ ጊዜ ስድስት ኪሎ ቴምብር መሰብሰብ የብዙ ልጅ አመል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ለማታውቁት ላስረዳ። ደብዳቤ ሲመጣ ቴምብሩ ያለበትን የፖስታውን ጥግ በመቀስ ትቆርጣለህ። በሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ። ሙጫው ሲለቅ ቀስ ብለህ ትልጠውና በጋዜጣ ላይ አድርቀህ መጽሐፍ መሃል ትጫነዋለህ። የቀረውን ፖስታ ትጥላለህ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከሻንጣው የወጡት ደብዳቤዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ፖስታ የላቸውም።

ያን ጊዜ ደብዳቤ ለእኛ ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን ፖስተኛ በየቤቱ እየዞረ የሚያድልበት አሠራር ብዙም አልተለመደም። ሰው ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ሳጥን የሌለው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በአጎቱ ሱቅ ሳጥን ይጠቀማል። ከጎንደርም ከነቀምትም የመጣን ልጆች ለቤተሰቦቻችን አስጠንተን የወጣነው አንድ ቁጥር ነበር፤ ፖ.ሳ.ቁ. 1176። እናቶቻችን ዩኒቨርሲቲውን በዓይናቸው ሳያዩት ቁጥሩን ግን በቃላቸው ይዘውት ነበር። ልጃቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነዋ።

በአልበሙ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት ቴምብር አለች። ቀለሟ ደብዝዟል። ጥጓ ላይ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሩብ ክብ ብቻ ቀርቷል፤ የሚነበብ ቀን የለውም። ቴምብሯ የመጣችበት ደብዳቤም በሻንጣው ውስጥ አለ። በራሱ ላይ «ማክሰኞ» ይላል እንጂ ቀንም ወርም የለውም። የጻፈው የዶርም ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጠቅስም። በዕድሜ የምትቀርቡኝ ታውቁታላችሁ፤ ቤተሰቦቹም አሉ።

ይህን ይዤ ነው ወደ ፖስታ ሙዚየም የሄድኩት። የቴምብሯን ዘመን ባውቅ የደብዳቤውን ቀን እደርስበት ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

ከንፋስ ስልክ እስከ ቸርችል

ከንፋስ ስልክ ባቡር ይዤ ስታዲየም ወረድኩና በለገሃር በኩል ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ተያያዝኩት። ለፖስታ ታሪክ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ፖስታችን ራሱ የመጣበት መንገድ ነውና። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት የውጭ አገር ደብዳቤ በግመልና በበቅሎ በሐረር በኩል ነበር የሚጓዘው። ከዚያም በፊት የመልእክተኛ እግር ብቻ ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። እጁ አያቆሽሸውም፣ ከሩቅ ያየውም ሰው የላኪውን ክብር አስቦ መንገድ ይለቅለታል። ያ በትር የማለፊያ ፈቃድም ጭምር ነበር ማለት ነው።

ዋናው ፖስታ ቤት ሁላችንም የምናውቀው ሕንፃ ነው። ኢቫን ሽትራውስና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች የተባሉ የዩጎዝላቪያ አርክቴክቶች የነደፉት ነው። በተማሪነታችን ከፊቱ ተሰልፈን ቴምብር ገዝተናል፤ ሳጥን ከፍተን ባዶ ሆኖ አግኝተን ተመልሰናል። ሙዚየሙ ከእሱ ጎን ነው። ስንት ዓመት በደጁ ሳልፍ ኖሬ አንድ ቀን አልገባሁም። በነገራችን ላይ ከእናንተ ስንታችሁ ገብታችኋል?

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ቴምብሮቹ በመስታወት ውስጥ በየዘመናቸው ተደርድረዋል። አጎንብሶ ማየት ይጠይቃል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ መነጽርም አልበቃውም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ይሻልዎታል» ብላ አጉሊ መነጽር አመጣችልኝና አብራኝ ዞረች።

ቴምብር ከዐድዋ በፊት

መጀመሪያ የቆምኩት የምኒልክ ቴምብሮች ፊት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በ1887 ወጡ። በነገሩ ውስጥ ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ አሉበት። የታተሙት ፓሪስ ነው፣ ቀራጩም ኤዥን ሙሾን ነው። በአነስተኛ ዋጋ ያሉት አራቱ የምኒልክን መልክ፣ ሦስቱ ትልልቆቹ ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል። ዋጋቸው በግርሽ ነው፤ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ፣ ማለትም እስከ አንድ ብር። የአገሩ ስምም ዋጋውም በራሳችን ፊደል ተጽፏል።

ዘመኑን ልብ በሉ። ምኒልክ የውጫሌን ውል በ1885 አፍርሰዋል። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 1888 ነው። ቴምብሩ የወጣው በሁለቱ መካከል ነው። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ያስነሳው በምን ነበር? ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በጣሊያን በኩል ነው ወይስ በራሷ? በሚለው አይደለም እንዴ? ጥያቄው መልእክት በማን በኩል ይሄዳል የሚል ነበር። ምኒልክ መልሱን ከጠመንጃው በፊት በወረቀት ሰጡ ማለት ይቻላል። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ውጫሌን ሳስተምር ይህን ቴምብር ለተማሪ አሳይቼ አላውቅም። ያስቆጫል። ከአንድ ሰዓት ገለጻ የበለጠ ይናገር ነበር።

ሆኖም ቴምብር ማተም አንድ ነገር ነው፣ ዓለም እንዲቀበልህ ማድረግ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት በ1874 እ.ኤ.አ. በርን ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን አባል አልነበረችም። ስለዚህ የእኛ ቴምብር የሚያገለግለው እስከ ጅቡቲ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሚሻገር ደብዳቤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። በአንድ ፖስታ ላይ የምኒልክ ቴምብርና የፈረንሳዮቹ ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ይህ እስከ ጥቅምት 1901 ዓ.ም.፣ ኅብረቱ ኢትዮጵያን በአባልነት እስከተቀበለበት ድረስ ቀጠለ። ከዐድዋ ድል በኋላ እንኳ ደብዳቤያችን በራሱ ቴምብር ባሕር ለመሻገር 12 ዓመት ጠብቋል።

እዚህ ላይ ወጣቷ ያለችውን አልረሳውም። «ቴምብሩን ለብቻው ቢያዩት ሁለቱ አብረው እንደተጓዙ አያውቁም። ፖስታው ላይ ካላዩት አይገባዎትም» አለችኝ። ያን ጊዜ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ነገሩ ለእኔ እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ቋንቋ ለምትወዱ የሚሆን ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ እየቆየ ጽሑፍ ይታተምባቸው ጀመር። በ1901 እ.ኤ.አ. የአገሩ ስም በፈረንሳይኛ፣ በዓመቱ «ቦስታ» የሚል ቃል፣ ቀጥሎም «መልክት» የሚል። አንድ ቴምብር ስሙን ሲፈልግ ታያላችሁ። የውጭው ቃል መጣ፣ የአገሩ ቃል ሊተካው ሞከረ። በስተመጨረሻ ያሸነፈው የትኛው እንደሆነ ዛሬ ሁላችንም «ፖስታ ቤት» ስንል እናውቀዋለን። ድሮ «ቦስታ» ይሉ የነበሩ አያቶቻችን ግን አልተሳሳቱም፤ ቴምብሩ ራሱ እንዲያ ይል ነበር።

ከፊት ላይ የተጻፈ ስም

በ1911 የወጡት ቴምብሮች ደስ ይላሉ። ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከቀጭኔ፣ ከነብር፣ ከሰጎን፣ ከአውራሪስ ጋር በአንድ ተከታታይ ወጥተዋል። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና የዘውዲቱና የተፈሪ መልክ ያለበት ሌላ ተከታታይ ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አዲሱ ፖስታ ቤት ሲከፈት መታሰቢያ ጽሑፍ ታተመበት። ተፈሪ ንጉሥ ሲባሉ ሌላ ጽሑፍ ተጨመረ። በ1921 የመንግሥት የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲደርስ የአውሮፕላን ሥዕል ታተመበት። መጋቢት 24 ቀን 1922 ዘውዲቱ ዐረፉ። በማግሥቱ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ከዚያ በኋላ በዚያው ቴምብር ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዋጅ ታተመበት።

አጉሊ መነጽሩን አስጠግቼ አየሁት። የዘውዲቱ ፊት ከሥር አለ፤ የወራሻቸው ስም ከላያቸው ታትሟል። ምናልባት ወረቀት ለመቆጠብ ነው፤ አዲስ እስኪታተም ያለውን መጠቀም የየትም አገር ፖስታ ቤት ያደርገዋል። ግን የአገራችን የሥልጣን ታሪክ ከዚህ ባጠረ ቦታ ተጽፎ አላየሁም።

የሚቀጥለው መስታወት ውስጥ የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ አለ። ከሱ ቀጥሎ በ1934 የተመለሱት የኃይለ ሥላሴ ቴምብሮች አሉ። ከዚያ እነ አፈወርቅ ተክሌን የመሰሉ የራሳችን ሠዓሊዎች የነደፏቸው፣ አዕዋፋቱ፣ ነገሥታቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ አንበሳው ከዘውዱ ጋር ሄደ። ዳር እስከ ዳር ስትሄዱ መንግሥታት በመስኮት እንደሚታይ ሰልፍ ያልፋሉ። ሁሉም ስለራሱ ሊነግረን የፈለገውን ነግሮን ያልፋል።

ልብ ያልነውን ነገር ግን ማን ይነግረናል? ከእነዚህ ቴምብሮች በስተጀርባ የነበረው ደብዳቤ የት ሄደ?

«ፖስታውስ?»

የደረስኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ከኪሴ ቴምብሯን አወጣሁ። ወጣቷ በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አየቻትና፣ «ጋሼ፣ ማኅተሙ ተቆርጧል። ፖስታውስ?» አለችኝ።

«ጣልኩት።»

ዝም አለች። ከዚያ ማኅተም ምን እንደሚናገር ለኔ፣ ለታሪክ አስተማሪው፣ ታስረዳኝ ጀመር። ከፊት ያለው ማኅተም ደብዳቤው ከየት ፖስታ ቤት በምን ቀን እንደተነሣ ይናገራል። ከጀርባ ብዙ ጊዜ የደረሰበት ፖስታ ቤት ማኅተም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ቀን የጉዞው ዕድሜ ነው። ቴምብር ግን በቃ ዋጋ መከፈሉን ብቻ ነው የሚያሳየው። በዘመኑ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ሊሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀን አይሰጥም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣን። ከመውጣታችን በፊት ግቢው ውስጥ የነበረውን ክርክር የማያስታውስ የለም። መዝመት አለብን የሚለው አለ፤ ሕዝባዊ መንግሥት ሳይቋቋም አንዘምትም የሚለው አለ። እኔና ጓደኛዬ በዚህ ተጣላን። በመጨረሻው ማታ፣ ዶርም ውስጥ፣ ሌሎች ልጆች እየሰሙ አድርባይ አልኩት። በዚያ ዘመን ያ ቃል ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ። እሱ ወደ ጎጃም፣ እኔ ወደ አርሲ ሄድን። ሁለታችንም ዘመትን፤ እንግዲህ በምን እንደተጣላን አስቡት።

ወራት አለፉ፣ ጸጸቱ አልለቅ አለኝ። ፋሲካ ሲደርስ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ወደ ከተማ ወርጄ ለመላክ ብሄድ ፖስታ ቤቱ በዓል ነው ብሎ ዘግቷል። እስከ ማክሰኞ ጠብቄ ነው ያስገባሁት። የጠበቅሁት አንድ ተጨማሪ ቀን ስላናደደኝ አልረሳሁትም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ከሱ ደብዳቤ መጣ። በደስታ ከፈትኩት። እንዲህ የሚል ነበር። «ካንተ አንድ ቃል የለም። እኔ መቼስ ቂም አልያዝኩም፣ አንተ ግን ዝምታህን እንደ መልስ ልቁጠረው?» ከዚያ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ገበሬዎቹ፣ ስለ ወባ ትንሽ ያወራል። ቀልድም አለበት። እኔ ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ አላለፍኩም። ልቤ ቀን ቆጠረ። ማክሰኞ ልኬያለሁ፤ በሳምንት ይደርሳል፤ ይሄ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ይቅርታዬን አንብቦ አላየሁም እያለኝ ነው፣ ወይም እየተዘባበተብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በንዴት ላይ ሆኜም እንኳ ቴምብሯን ቆርጬ አስቀረሁ፣ ፖስታውን ወደ እሳት ጣልኩት። መልስም አልጻፍኩለትም።

ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም። በ1970 መጀመሪያ ላይ እንደሌለ ሰማሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ብዙዎቻችሁ የየራሳችሁ አላችሁ።

ይህን ሁሉ ለዚያች ልጅ አልነገርኳትም። «የጓደኛዬ ደብዳቤ ነው፤ መቼ እንደተጻፈ ማወቅ ፈልጌ ነበር» ብቻ አልኳት። «ደብዳቤው አለ?» አለች። ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። መሃል ላይ ስትደርስ ሳቅ አለች።

«ምነው ልጄ?»

«ሽሮ ሰልችቷቸው ነው! ‹ከሽሮ ለመገላገል አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶናል፣ እንደ እስረኛ ግድግዳ ላይ እየጫርኩ ነው› ይላሉ። ጾም ላይ ነበሩ ማለት ነው፤ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሒሳቡን መሥራት ለማንም ቀላል ነው። በ1967 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 26 ነው። ከዚያ ላይ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀነስ ሚያዝያ 14 ይመጣል። ሚያዝያ 14 ቀን 1967 ማክሰኞ ነው። ደብዳቤው ራሱ ላይ «ማክሰኞ» ይላል። እኔ ይቅርታዬን ፖስታ ቤት ያስገባሁት ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28 ነው። ጓደኛዬ «ካንተ አንድ ቃል የለም» ብሎ የጻፈው እኔ ቃሌን ከመላኬ 14 ቀን ቀድሞ ነው። አልተዘባበተብኝም። ይቅርታዬን አልናቀም። ገና አልላክሁለትም ነበር። ደብዳቤው ብቻ ከጎጃም አርሲ ለመድረስ አንድ ወር ፈጅቶበታል። ጣቢያችን ከዋናው መንገድ የራቀ ነው፣ ደብዳቤ የሚያመጣው መኪናም ሲገኝ ነው የሚመጣው። ማንንም አልወቅስበትም።

ፖስታው ቢኖር ኖሮ፣ ማኅተሙን አንዴ ማየት ይበቃ ነበር። በዚያው ዕለት፣ በሃያ ዓመቴ፣ አውቀው ነበር። መልስ እጽፍለት ነበር።

የእኔ ደብዳቤ ደርሶት ይሆን? ይሄን የሚነግረኝ የለም። ሚያዝያ 28 የተላከ ደብዳቤ አንድ ወር ቢፈጅ እንኳ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ እሱ ያኔ እዚያው ነበር። ደርሶት ከሆነ፣ እኔ ዝም ያልኩበትን ምክንያት ሳያውቅ ቀርቷል። ይህ በእኔ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩት ሌላው ነገር፣ ይቅርታዬን ናቀ የሚለው፣ ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ አብሮኝ አልነበረም። ደብዳቤው ውስጥ «ቂም አልያዝኩም» የሚል አለ። ያንን አንቀጽ እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ነበር የማነበው።

ለእናንተ ያለኝ ነገር

ለተማሪዎቼ ምንጭ ሲገኝ መጀመሪያ «መቼ ተጻፈ? ለማን? ማን አደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ አስተምሬያለሁ። በራሴ ደብዳቤ ላይ አንዱንም አልጠየቅሁም። ሌላም ነገር ተማርኩ። ቀኑን ያገኘችው እኔ ያልፈለግሁበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ከቴምብሩ ፈለግሁት፣ ማለትም መንግሥት ከውጭ ከለጠፈው። እሷ አንድ የተራበ ወጣት ስለ ሽሮ ከቀለደው አገኘችው።

የኛ ትውልድ ብዙ ደብዳቤ የጻፈ ትውልድ ነው። ከዘመቻ ጣቢያ፣ ከማሠልጠኛ፣ ከካርቱም፣ ከሞስኮ፣ ከዋሽንግተን ጻፍን። ዳር ዳሩ ሰማያዊና ቀይ በሆነ ፖስታ፣ ቀጭን ወረቀት ላይ፣ ሌላ ሰው ያነበው ይሆናል እያልን ነገሩን በምሳሌ እየሸፈንን ጻፍን። ቴምብሮቹ ሙዚየም አላቸው፣ ይገባቸዋልም። ደብዳቤዎቹ ያሉት ግን በእኛ አልጋ ሥር ነው። ቤት ሲቀየር፣ ቀለም ሲቀባ፣ እኛ ስናልፍ ልጆቻችን «ይሄ ምንድነው?» ብለው ይጥሉታል። ልጆቹን አትፍረዱባቸው። እኔ ራሴ ፖስታውን በገዛ እጄ ጥያለሁ።

ስለዚህ ለዳግም መገናኛችን ስትመጡ ከፎቶው ጋር ደብዳቤ አምጡ። ቴምብሩን አትላጡ። ከፖስታው አትለዩት። ፖስታ ከሌለው፣ ስለ ደብዳቤው የምታስታውሱትን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ በደብዳቤው ላይ ግን ምንም አትጻፉ። የሰው ምሥጢር ያለበትን ሰዉ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አታውጡ። ለታሪክ ትምህርት ክፍል መምህራንም ጥያቄ አለኝ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ ነው ያለው። የአገር ሰነድ ሲሰበስብ የኖረ ቤት ነው። የአንድ ዘመን ተማሪዎች ደብዳቤ አንድ ሣጥን ቢሆን እንኳ ቦታ አያጣም ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቻችሁም የመጀመሪያ ልምምዳቸውን በእኛ እጅ ጽሑፍ ላይ ያድርጉ። ስህተታችንን ያግኙብን።

እኔ ሁለት ነገር አመጣለሁ። አንዱ ያ ደብዳቤ ነው፤ የጓደኛዬ እህት ፈቅዳልኛለች። ሌላው ቴምብሯ ነች። ከአልበሙ አውጥቼ ከደብዳቤው ጋር አያይዣታለሁ፤ በሌላ ወረቀትም ቀኑን ጽፌበታለሁ፦ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1967 ዓ.ም.።